ሐኪም ከዳኛ ጎን ይሰየምን?

በሕክምና ሥራው ምክንያት አንድ ባልደረባችን ተከሶ ፍርድ ቤት በቀረበ ቁጥር በስብሰባ አዳራሽም ሆነ በሆስፒታል ኮሪደር ደጋግሞ የሚነሣ ሐሳብ አለ። «ዳኛው ስለ ሕክምና ምን ያውቃል? እንዲህ ያለውን ጉዳይ ሕግ ብቻ የተማረ ሰው ሊፈርደው አይገባም፤ ከዳኞቹ ጎን ሐኪም ተሰይሞ እኩል ድምፅ ይስጥ» የሚል ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ያማልላል። ለሙያችን ክብር የቆመ፣ ለእውነትም የቀረበ ይመስላል፤ ስለዚህም በመካከላችን ተቃዋሚ ሲያጋጥመው እምብዛም አይታይም። ይህ ጽሑፍ ግን ሐሳቡ በሚነገርበት መልኩ ለታካሚውም ሆነ ለተከሳሹ ሐኪም እንደማይበጅ ለማሳየት የቀረበ ነው።

ከቅሬታው ልጀምር፤ ቅሬታው እውነትነት አለውና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሚመለከተው አንቀጽ 543 የሌላውን ሰው ሕይወትና ጤንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለባቸውን ሰዎች ሲያነሣ ሐኪምንና አሽከርካሪን በምሳሌነት አጎራብቶ ይጠቅሳል። ጉርብትናው ብዙ ባልደረቦቻችንን ያስከፋል፤ ለምን እንደሚያስከፋ ግን በትክክል መናገር ያስፈልጋል። የትራፊክ መብራቱ ቀይ እንደነበር ለመረዳት ዳኛው ልዩ ትምህርት አያሻውም፤ እርሱም መንገድ ይሻገራል። ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ያላት እናት ማሕፀኗ መውጣት የነበረበት መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱን ከራሱ ኑሮ ሊያገኘው አይችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ኃላፊነቱም የሚለካው በሳይንስ በታወቁ ነገሮችና በሙያው ሰዎች ዘንድ ተቀባይነት ባላቸው ደንቦች መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ ሕጉ ራሱ ዳኛውን ወደ እኛ ይልከዋል። ጥያቄው ዳኛው የሕክምና ዕውቀት ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለው አይደለም። ዕውቀቱ በየትኛው በር ይግባ? በምስክርነት ሳጥን ወይስ በዳኝነት ወንበር?

ሐኪሙ በወንበሩ ይቀመጥ የሚሉ ወገኖች የሌላ አገር ምሳሌ ማቅረብ ይወዳሉ። ከሁሉ የሚጠቀሰው የጀርመን የንግድ ችሎት ነው። በዚያ ችሎት አንድ ሕግ የተማረ ዳኛና ሁለት ነጋዴዎች ይሰየማሉ፤ ነጋዴዎቹ እኩል ድምፅ አላቸው፤ የንግድ ልማድን በሚመለከት ችሎቱ ሌላ ባለሙያ ሳይጠራ በራሱ ዕውቀት ሊወስን እንደሚችልም ሕጉ ይፈቅዳል። አሠራሩ ዘመናት ያስቆጠረና በአገሩ ተከብሮ የኖረ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ችሎት ፊት የሚቆሙት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ልብ ይሏል። ከሳሹም ተከሳሹም ነጋዴ ነው። የሚፈርደው ነጋዴ ለሁለቱም የሙያ ወንድም ነውና ዝምድናው ሚዛኑን አያዛባም።

ከአገራችንም ምሳሌ አይጠፋም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ውስጥ ሕግ ያልተማሩ ሰዎች በውሳኔ ሰጪነት ይቀመጣሉ፤ አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህንኑ ይዘዋል። ነገር ግን ቦርዱ የተዋቀረው የሠራተኛ ማኅበራትንና የአሠሪ ማኅበራትን ወኪሎች ትይዩ በማስቀመጥ ነው። አንዱ ወገን ቢያጋድል ሌላው እንዲያቀናው ታስቦ ነው። በሕክምና ጥፋት ክስ ላይ ሐኪም ብቻውን ከዳኛ ጎን ሲሰየም የሚፈጠረው ችሎት የአሠሪዎች ወኪል ብቻ ተገኝቶ የሠራተኞች ወንበር ባዶ የቀረበትን ቦርድ ይመስላል። ለሟች ቤተሰብ ማን ይሰየምላቸዋል?

እዚህ ላይ ባልደረቦቼ ቅር ሊላቸው ይችላል። ሐኪም መሐላ የፈጸመ፣ ለእውነት የሚቆም ሰው አይደለምን? ነው። ነገር ግን የሙያችንን ስፋት መርሳት አይገባም። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ሐኪም የሚያስመርቁት የአዲስ አበባ፣ የጎንደርና የጅማ ትምህርት ቤቶች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው በእጅጉ ቢጨምርም በብዙ የስፔሻሊቲ ዘርፎች አንጋፋ የሆኑት ሐኪሞች ከአንድ መምህር እግር ሥር የተማሩ፣ በአንድ ዋርድ አብረው ያደሩ ናቸው። የሚፈርደው ሐኪም የተከሳሹ የክፍል ጓደኛ፣ ወይም አስተማሪው፣ ወይም ከአንድ ዓመት በፊት በአንድ የሥራ ቦታ የተወዳደረው ሰው ሊሆን ይችላል። በመጨረሻው ሁኔታ ደግሞ የሚጎዳው ተከሳሹ ራሱ ነው። ዝምድና ሁልጊዜ ወደ ምሕረት ብቻ አያጋድልም፤ የሙያ ቅናት ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም።

የአድልዎ ሥጋት ቢቀር እንኳ ሌላ የሚከብድ ችግር አለ። ይኸውም የተዘጋው በር ነው። ምስክር የሚናገረው በግልጽ ችሎት ነው፤ የተናገረው ይጻፋል፤ ተቃራኒው ወገን መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርብበታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዳኞች ሲመክሩ የሚናገሩትን ግን ከእነርሱ በቀር ማንም አይሰማም፤ የሚጠይቅ የለም፤ መልስ የሚሰጥም የለም። ሐኪሙ ዕውቀቱን ይዞ ወደዚያ ክፍል ሲገባ፣ በመዝገቡ ውስጥ የሌለ ማስረጃ አብሮት ይገባል።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አለመሆኑን የሳሊ ክላርክ ጉዳይ ያስረዳል። ይህች እንግሊዛዊት እናት ሁለት ሕፃናት ልጆቿን እ.ኤ.አ. በ1996ና በ1998 በሞት አጣች። ልጆቿን ገድላለች ተብላም እ.ኤ.አ. በ1999 ተፈረደባት። በችሎቱ ቀርበው የመሰከሩት ስመ ጥሩው የሕፃናት ሐኪም ሰር ሮይ ሜዶው እንዲህ ባለ ቤተሰብ ሁለት ሕፃናት በተፈጥሮ ድንገት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው አሉ። ቁጥሩ የተገኘው ለአንድ ሕፃን የተገመተውን ከ8,543 አንድ የሆነ ዕድል በራሱ በማባዛት ነበር። ይህ ስሌት የሚያስኬደው የወንድማማቾች ሞት ፈጽሞ የማይገናኝ ከሆነ ብቻ ነው፤ በአንድ ቤት ያደጉ፣ ዘረ መልና አካባቢ የሚጋሩ ሕፃናት ግን እንዲያ አይደሉም። የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ንጉሣዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ስሌቱ መሠረት የሌለው መሆኑን በይፋ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 የይግባኝ ችሎቱ ፍርዱን ሻረ። ዋናው ምክንያት ከአንደኛው ሕፃን አስከሬን የተወሰደው የባክቴሪያ ምርመራ ውጤት ለመከላከያው ሳይገለጽ መቅረቱ ነበር፤ ችሎቱ ቁጥሩም ሊያሳስት ይችል እንደነበር ሳይናገር አላለፈም። ሴትዮዋ ከእስር ወጥታ ብዙ አልቆየችም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሞተች።

ባልደረቦቻችን ይህን ታሪክ ሲሰሙ ብዙውን ጊዜ «የባለሙያ ምስክር አደገኛ ነው» ብለው ይደመድማሉ። እኔ የምረዳው በሌላ አቅጣጫ ነው። ያ ቁጥር የተነገረው በአደባባይ ነው፤ ስለተነገረም ተጻፈ፤ ስለተጻፈም ችሎቱን በዓይናቸው ያላዩ የስታቲስቲክስ ሰዎች አግኝተው መረመሩት። ያው ሐኪም በምስክርነት ሳጥን ፈንታ በዳኝነት ወንበር ተቀምጠው ያንኑ ቁጥር በምክክር ክፍል ውስጥ ቢናገሩት ኖሮ እናቲቱን የከሰሳት ቁጥር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ ባልኖረ ነበር። ምስክርነት ስሕተትን አያስቀርም፤ ስሕተቱ የሚገኝበትን ቦታ ግን ያስቀምጣል።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም ይህንኑ ጥያቄ በሐኪም ጉዳይ ላይ አግኝቶታል። ዲ.ኤን. በስዊዘርላንድ ላይ ባቀረበችው አቤቱታ እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2001 በተሰጠው ፍርድ እንደተመለከተው፣ በአእምሮ ሕክምና ተቋም ያለፈቃዷ የተያዘች ሴት እንድትለቀቅ አመለከተች። ጉዳዩን ካዩት ዳኞች አንዱ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። እኒህ ዳኛ ከችሎቱ በፊት ሄደው አነጋገሯት፤ ማመልከቻዋ ውድቅ እንዲሆን ሐሳብ እንደሚያቀርቡም አስቀድመው ገለጡ፤ ከዚያም ተሰይመው ፈረዱ። ከዳኞቹ መካከል የሙያው ዕውቀት ያላቸውም፣ በአካል ያነጋገሯትም እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ይህ የገለልተኝነትን መብት እንደጣሰ ወሰነ። የሐኪሙ ቅንነት ጥያቄ ላይ አልወደቀም። ችግሩ አንድ ሰው መርማሪም፣ አስረጂም፣ ፈራጅም መሆኑ ነው።

ድምፅ የሌለው አማካሪ እንኳ ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። በእንግሊዝ የባሕር ጉዳይ ችሎት፣ መርከቦች ተጋጭተው ክስ ሲነሣ፣ ትሪኒቲ ሃውስ ከሚባለው ጥንታዊ የመርከበኞች ማኅበር የተውጣጡ አንጋፋ ካፒቴኖች ከዳኛው ጎን ይቀመጣሉ። የሚሰጡት ምክር ብቻ ነው፤ አይፈርዱም። ምክሩ ግን ለረጅም ዘመን በዳኛውና በእነርሱ መካከል ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ቦው ስፕሪንግ በተባለችው መርከብ ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዳኛው የጠየቀውና ካፒቴኖቹ የመለሱት ለተከራካሪ ጠበቆች ተገልጦ አስተያየት እንዲሰጡበት ይገባል አለ። ዘመናት የቆየ ልማድ እንኳ በመጨረሻ ወደ ግልጹ ችሎት እንዲወጣ ተገደደ ማለት ነው።

በእኛም ሥራ የዚህን ጥቅም የሚያሳይ አጋጣሚ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ጸሐፊ የአንድ ታዳጊ ተከሳሽ ዕድሜ በራጅ ተመርምሮ ስለተሰጠው ማስረጃ እንዲያስረዳ ወደ አንድ ችሎት ተጠርቶ ነበር። የክርክሩ ፍሬ ነገር ልጁ 15 ዓመት ሞልቶታል ወይስ አልሞላውም የሚል ነው። በወንጀል ሕጋችን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ለአካለ መጠን በደረሱ ሰዎች ላይ የሚጣለው ቅጣት አይጣልበትም፤ ከእነርሱም ጋር አይታሰርም። የአንድ ዓመት ልዩነት የልጁን ዕጣ ትለውጣለች። ተከላካይ ጠበቃው ተነሥቶ «ዶክተር፣ የልጁን የእጅ ራጅ የምታነጻጽሩበት መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ልጆች የማን ልጆች ናቸው?» ሲል ጠየቀ። የተጠቀሰው መጽሐፍ የግሩሊክና የፓይል አትላስ ነው፤ ሁለተኛው እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በክሊቭላንድ ከተማ ራጅ ከተነሡ፣ ኑሯቸው የተመቻቸ የነጭ ቤተሰብ ልጆች ነው። ይህን ነገርኩት። ቀጥሎም «የእነዚያ ልጆች አጥንትስ ሁሉም እኩል አድጎ ነበር?» አለ። በዚያ ዕድሜ ላሉ ወንዶች መደበኛ ልዩነቱ ወደ አንድ ዓመት ገደማ መሆኑን፣ ስለዚህም ፍጹም ጤናማ የሆነ ልጅ አጥንቱ ከዕድሜው በሁለት ዓመት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊገኝ እንደሚችል ገለጥኩለት። በልጅነት በቂ ምግብ ያላገኘ ልጅ አጥንት እንደሚዘገይም ጨመርኩ። ዳኛዋ ጽፈው ሲጨርሱ ችሎቱ ፊት የነበረው ማስረጃ ጠዋት ከነበረው የተለየ ሆነ።

ጠበቃው ሕክምና አልተማረም፤ የጠየቀውንም የጠየቀው ስላልተማረ ይመስለኛል። አትላሱን በየቀኑ የምንገልጥ እኛ ግን የማን ልጆች ናቸው ብለን አንጠይቅም። በዚያ ችሎት የራጅ ስፔሻሊስት ከዳኛዋ ጎን ተሰይሞ ቢሆን ኖሮ ማስረጃውን አይቶ ራሱን በመነቅነቅ ያልፈው ነበር፤ ዳኛዋም የባልንጀራቸውን መነቅነቅ አይተው ያልፉ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። በቀድሞው ዘመን በዙፋን ችሎት የተሰየሙት መኳንንት ፍርድ ሲሰጡ የሚጀምረው የበታቹ ነበር፤ ከዚያም በማዕረግ ቅደም ተከተል ወደ ላይ ይወጣና የንጉሠ ነገሥቱ ቃል የመጨረሻው ይሆናል። ትልቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የራሱን አይናገርም ከሚል ማስተዋል የመነጨ ሥርዓት ነው። የጀርመን ሕግም ተራ ሰዎች ከዳኞች ጋር በሚሰየሙበት የወንጀል ችሎት እነርሱ ከዳኞቹ ቀድመው፣ ታናሹም ከታላቁ ቀድሞ ድምፅ እንዲሰጥ ያዛል። ሐኪም ከሁለት ዳኞች ጋር ተቀምጦ ስለ እንግዴ ልጅ ወይም ስለ ማደንዘዣ መድኃኒት ሲመከር ግን ተራው የትም ይሁን የት በጉዳዩ ላይ ትልቁ እርሱ ነው። ሁለቱ ዳኞች ሊከራከሩት አይችሉም። በወረቀት ላይ ከሦስት ድምፅ አንዱ ብቻ ያለው ሰው፣ በተግባር ብቻውን ይፈርዳል።

ተቃውሞዬ ግን ያለ ልዩነት ሁሉንም አይጠቀልልም፤ ለዚህም የጃፓንን አሠራር ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በጁን 2001 በኦሳካ አውራጃ በኢኬዳ አንድ ሰው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ስምንት ሕፃናትን ገደለ። በዚህ ድንጋጤ ተገፍቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና ከ2005 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ፣ ከባድ ወንጀል ፈጽመው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ላልተቀጡ ሰዎች አንድ ዳኛና አንድ የአእምሮ ሐኪም አብረው ተሰይመው እንዲወስኑ ያደርጋል። የሁለቱ ሐሳብ ካልተስማማ ውሳኔ የለም። (ሕጉን ያስነሣው ሰው ራሱ ግን ኃላፊነት አለበት ተብሎ ሞት ተፈርዶበት እ.ኤ.አ. በ2004 ተገድሏል።) በሌላ በኩል የዚያው አገር የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለሕክምና ጥፋትና ለመሰል ክሶች ልዩ ዐዋቂዎች በችሎት እንዲረዱ ፈቅዷል፤ እነርሱ ግን ለዳኛው ያስረዳሉ እንጂ ድምፅ የላቸውም፤ ማብራሪያቸውም እንደ ማስረጃ አይቆጠርም።

አንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ለአንዱ ሐኪም ድምፅ ሰጥቶ ለሌላው ነፈገ። ምክንያቱ ከጥያቄዎቹ ልዩነት ይመስለኛል። በመጀመሪያው ጉዳይ የሚጠየቀው ይህ ሰው ሕክምና ያስፈልገዋልን የሚል ነው፤ ጥያቄው የሐኪም ጥያቄ ነው፤ የሚፈረድበትም ሐኪም የለም። በዚያ ላይ ሰውየውን የሚመረምረው ሌላ ሐኪም ነው፤ ተሰያሚው የምርመራውን ውጤት እንደ ዳኛው ሁሉ ከመዝገብ ያነባል። በሁለተኛው የሚጠየቀው ሐኪሙ አጥፍቷልን የሚል ነው።

ድምፅ የሌለን ሐኪሞች በሕግ ሰዎች እጅ እንጠፋለን ለሚለው ሥጋትም እዚያው ጃፓን መልስ አለ። በፉኩሺማ በኦኖ ሆስፒታል የእንግዴ ልጇ ከማሕፀን ጋር የተጣበቀባት እናት እ.ኤ.አ. በ2004 በቀዶ ሕክምና ስትወልድ ደም ፈስሷት ሞተች፤ ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ2006 በካቴና ተያዘ። የአገሪቱ ሐኪሞች ሁሉ ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2008 ግን ሕግ የተማሩ ዳኞች ብቻ የተሰየሙበት ችሎት በነጻ አሰናበተው። በሁለቱም ወገን የቀረቡት ሐኪሞች በግልጽ ተጠይቀው ነበር፤ ችሎቱም ዐቃቤ ሕጉ «ማድረግ ነበረበት» ያለው ነገር በሙያው ሰዎች ዘንድ በአብዛኛው የሚሠራበት መሆኑን አላስረዳም አለ።

የራሳችን ሕግም ድንበሩን አሳምሮ አስምሮታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 የተከሳሹ የአእምሮ ኃላፊነት ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ የልዩ ዐዋቂ አስተያየት እንዲጠይቅ ያስገድዳል። ፍርድ ቤቱ በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ይታሰራል፤ ልዩ ዐዋቂው ከግኝቱ ተነሥቶ በሕግ ረገድ በሚሰጠው ግምት ግን አይታሰርም። ከዚህ ይልቅ በአጭሩ ለማስቀመጥ የሚቻል አይመስለኝም። የጎደለው የእኛ ድርሻ ነው። ለፍርድ ቤት የምንጽፈው ማስረጃ ብዙ ጊዜ ሦስት መስመርና ማኅተም ነው፤ በምን ዘዴ እንደተደረሰበት፣ ምን ያህል እንደሚያጠራጥር አይናገርም። የኮሚቴ አስተያየት በደብዳቤ ሲላክም የሚጠየቅ ሰው አብሮት ካልመጣ ችሎቱ ወረቀቱን ከመቀበል በቀር ምን ያደርጋል? ደብዳቤ መስቀለኛ ጥያቄ አይመልስም። የሚያስፈልገው ስሙን የጻፈ፣ ከተከሳሹ ጋር ያለውን የሥራና የትምህርት ዝምድና አስቀድሞ የገለጠ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ሐኪም ነው። የሚቻል ቢሆን በአውስትራሊያ እንደተለመደው የሁለቱ ወገን ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ ቀርበው ዳኛው ፊት እርስ በርስ ቢጠያየቁ ይበልጥ ይጠቅማል። ማኅበራችንም ለወንበር ከመከራከር አስቀድሞ በየዘርፉ «ተቀባይነት ያለው አሠራር» የሚባለው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ቢያወጣ፣ ዳኛው ቁጥር 2031ን ሲያነብ የሚገልጠው ነገር ያገኛል።

ለወንበሩ ተገቢ ሆኖ የሚታየኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው። በአእምሮ ሕመም ምክንያት ያልተቀጣ ሰው በሕክምና ተቋም እንዲቆይ ከታዘዘ በኋላ ይቆይ ወይስ ይለቀቅ የሚለውን ፍርድ ቤት በየጊዜው ሲመረምር፣ የአእምሮ ሐኪም ከዳኛው ጋር ድምፅ ኖሮት ቢሰየም አልቃወምም። በጃፓኑ ምሳሌ እንሂድ ካልን ግን ለአንድ መዝገብ ሦስት የአእምሮ ሐኪሞች ያስፈልጋሉ፦ የሚያክመው፣ የሚመረምረውና የሚፈርደው። በአዲስ አበባ ይህን ለማሟላት ይቻል ይሆናል። ከዋና ከተማው ርቆ በሚገኝ ዞን ላይ ያለ ፍርድ ቤት ግን አንዱን የአእምሮ ሐኪም ለማግኘት እንኳ ሰውየውን በአጃቢ ወደ ሌላ ከተማ መላክና ቀጠሮ መጠበቅ አለበት፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከየት እንደሚያመጣ ሐሳቡን የሚያቀርቡ ባልደረቦች እስካሁን አልነገሩንም።